የቃና ጋኖችና «ፈርኪን» የተባለው የጥንት መስፈሪያ



ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል ስናከብር የምናስበው ወንጌል (ዮሐ 2፥1-11) ለሁላችንም የታወቀ ነው። ይህን ወንጌል ስንማርና ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናተኩረው በእመቤታችን አማላጅነት፣ በምሥጢረ ተክሊል ክቡርነትና ጌታችን ክብሩን በገለጠበት በመጀመሪያው ምልክት ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወንጌላዊው ዮሐንስ በቁጥር 6 ላይ ትረካውን ገታ አድርጎ ስለ ጋኖቹ አራት ነገሮችን ይነግረናል፤ ይኸውም ስንት እንደ ነበሩ፣ ከምን እንደ ተሠሩ፣ ለምን አገልግሎት እንደ ተቀመጡና እያንዳንዳቸው ምን ያህል ይይዙ እንደ ነበር ነው። ሦስቱን እናብራራለን፤ አራተኛውን ግን ብዙ ጊዜ አንብበን እናልፈዋለን።

ለትምህርት ሲዘጋጁ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚመለከቱ መምህራን በዚህ ስፍራ ላይ «ፈርኪን» የሚል ቃል ያገኛሉ። መዝገበ ቃላት ቢገልጡ «ቅቤ ወይም ቢራ የሚቀመጥበት አነስተኛ በርሜል» የሚል ፍቺ ይሰጣቸዋል። በገሊላ ሰርግ ላይ የእንግሊዝ የቢራ በርሜል ምን አመጣው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን ስንከተል ቃለ እግዚአብሔር በሰው ቋንቋ ሲነገር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ እንማራለን፤ ከዚያም አልፎ በቃና የተሰጠው ጸጋ ምን ያህል እንደ ነበር በትክክል እናያለን።

1. ቃሉ ከየት መጣ?

«ፈርኪን» ከእንግሊዝ የበቀለ ቃል አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ከደች ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «አራተኛ» የሚለው ቃል ነው፤ በመጨረሻው ላይም ትንሽነትን የሚያመለክት ቅጥያ አለበት። በእኛ ቋንቋ ከአራት አንዱን እጅ «እርቦ» እንደምንለው ያለ ነው። የሙሉ በርሜል እርቦ ፈርኪን ተባለ፤ የፈርኪን እጥፍ፣ ማለትም ግማሽ በርሜል፣ ሌላ ስም ነበረው። በዚህ ዕቃ ጠላ መሰል መጠጥና ቢራ ብቻ ሳይሆን ቅቤ፣ ዓሣና ሳሙናም ይቀመጥበት ነበር።

መስፈሪያው ግን ለሁሉም አንድ አልነበረም። እንግሊዞች በጥንት ዘመን «ኤል» የሚሉት መጠጥ እኛ ጌሾ እንደምንጨምረው ያለ መራራ ተክል ያልገባበት ነበር፤ «ቢር» የሚሉት ደግሞ ሆፕ የተባለው መራራ ተክል የገባበት ነበር። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ በ1531 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የኤል ፈርኪን 8 ጋሎን፣ የቢራ ፈርኪን 9 ጋሎን እንዲይዝ ተወሰነ። በዛሬ ልክ ሲሰላ የመጀመሪያው ወደ 37 ሊትር፣ ሁለተኛው ወደ 41 ሊትር ይሆናል። ያው ሕግ ጠማቂው በርሜሉን ራሱ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፤ ሥራው የበርሜል ሠሪዎች ብቻ ሆነ። ሻጩ መስፈሪያውን ራሱ ከሠራ ልኩን ሊያጎድል ይችላልና። መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ መሆኑን ያስተምራል (ምሳ 20፥10)፤ ሕገ ኦሪትም እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ እንዲኖር ያዛል (ዘሌ 19፥35-36)። እንግዲህ መስፈሪያ የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በባልንጀሮች መካከል የመተማመን ጉዳይ ጭምር ነው።

2. ወንጌላዊው የጻፈው ቃል

ቅዱስ ዮሐንስ በግሪክኛ የጻፈው «ሜትሬቴስ» የሚል ቃል ነው። ይህ በግሪኮች ዘንድ የወይንና የዘይት መስፈሪያ ሲሆን ወደ 39 ሊትር ይይዛል። እያንዳንዱ ጋን ሁለት ወይም ሦስት ሜትሬቴስ ይይዝ ስለ ነበር፣ አንዱ ጋን ከ78 እስከ 117 ሊትር ያህል ይገባበታል ማለት ነው። ስድስቱ ጋኖች በአንድነት ከ470 እስከ 700 ሊትር ገደማ ይይዛሉ።

ቃሉ ከግሪክኛ ወደ ላቲን ሳይለወጥ ገባ፤ የቩልጋታ ትርጉም «ሜትሬታስ» ብሎ አስቀመጠው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት የዊክሊፍ ተከታዮችም ያንኑ ቃል እንዳለ ወሰዱ። ይህ አካሄድ ለጽሑፉ ታማኝ ነው፤ ሆኖም ግሪክኛም ላቲንም የማያውቅ ገበሬ ቃሉን በሰማ ጊዜ በዓይነ ልቡናው የሚያየው ዕቃ አልነበረም።

3. «ፈርኪን» ወደ ወንጌል የገባበት ምክንያት

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ቲንዴል አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ሲተረጉም ሌላ መንገድ መረጠ። የባዕዱን ቃል ትቶ በእንግሊዝ መንደር ውስጥ ሁሉም የሚያውቀውን ዕቃ «ፈርኪን»ን በቦታው አስቀመጠ። በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም ይህንኑ ተከተለ። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አልነበረም። ከላይ እንዳየነው የኤል ፈርኪን ወደ 37፣ የቢራ ፈርኪን ወደ 41 ሊትር ነበር፤ የግሪኩ ሜትሬቴስ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ የዚያ ዘመን አድማጭ ቃሉን ሲሰማ ዕቃውንም ልኩንም በአንድ ጊዜ ያገኝ ነበር። በትከሻው የተሸከመውን፣ በጓዳው ያስቀመጠውን፣ ገንዘብ ከፍሎ የገዛበትን ዕቃ ያስታውሳል፤ ስድስቱ ጋኖች ከ12 እስከ 18 ፈርኪን እንደሚይዙ ሲያሰላም መደነቁ አይቀርም።

በስደት ላይ የነበሩት የእንግሊዝ ካቶሊካውያን በ1582 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ ያሳተሙት አዲስ ኪዳን ግን ሦስተኛ መንገድ ያዘ። ከቩልጋታ የተተረጎመ ስለ ሆነ የአገር ዕቃ አልጨመረበትም፤ በደፈናው «መስፈሪያ» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ተጠቀመ።

እንግዲህ ሦስት መንገዶች አሉ። የባዕዱን ቃል እንዳለ ማቆየት፣ የአገሩን ዕቃ መተካት፣ ጠቅላላ ቃል መጠቀም። የመጀመሪያው ምንጩን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ለሕዝቡ ቅርብ ይሆናል፤ ሦስተኛው አይሳሳትም፤ ነገር ግን ለዓይነ ልቡና ምንም አያሳይም።

4. ቃሉ የጨለመው እንዴት ነው?

ሕዝቡ ዕቃውን መጠቀም ሲተው ቃሉ መጨለም ጀመረ። በ1824 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በወጣው ሕግ አዲስ የጋሎን ልክ ተደነገገ፤ ቅቤና ሳሙና በሌላ መያዣ መሸጥ ጀመሩ፤ ኋላም ሊትርና ኪሎ መጡ። ዛሬ «ፈርኪን» የሚለውን ስም በሥራ የሚጠቀሙበት የብሪታንያ ቢራ ጠማቂዎችና መጠጥ ቤቶች ናቸው፤ ለእነርሱ 9 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 41 ሊትር የሚይዝ በርሜል ነው። ለሌላው ሰው ግን እንግዳ ቃል ሆኗል።

በ1881 እ.ኤ.አ. የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ታርሞ ሲወጣ እንኳ «ፈርኪን» አልተነካም ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው የአዲስ ኪዳን ትርጉም ግን እያንዳንዱ ጋን 20 ወይም 30 ጋሎን እንደሚይዝ ጻፈ። እዚህ ላይ መምህራን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እናሳስባለን። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር፣ የብሪታንያ ጋሎን 4.546 ሊትር ነው። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ጋሎን፣ ሌላው ከ18 እስከ 27 ጋሎን ቢል መጻሕፍቱ አልተጣሉም፤ የተለያየው የጋሎኑ ልክ ነው።

ለሕዝቡ ቅርብ እንዲሆን የተመረጠው ቃል ከጊዜ በኋላ ከግሪክኛው ይልቅ የራቀ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ይህ የተርጓሚው ጥፋት አይደለም። ሕያው ቋንቋ ይለወጣል፤ ዕቃም ይሰበራል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ድንጋጌ ቅዱሳት መጻሕፍት ለምእመናን በሰፊው እንዲከፈቱ፣ ተስማሚና ትክክለኛ ትርጉሞችም እንዲዘጋጁ ማሳሰቡ (ቁ. 22) ይህን ያስታውሰናል። የትርጉም ሥራ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚቀር አይደለም፤ መምህሩም በየትውልዱ ያብራራዋል።

5. የእኛ «እንስራ»

በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ ላይ የምናነበው ቃል «እንስራ» ነው። ተርጓሚዎቻችንም ሁለተኛውን መንገድ፣ የአገርን ዕቃ የመተካትን መንገድ መረጡ ማለት ነው። በዚህም የተገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። በባህላችን ጋን ከቤት የማይንቀሳቀስ ታላቅ ማጠራቀሚያ ሲሆን፣ እንስራ ደግሞ ውኃ ከምንጭ የሚቀዳበት ዕቃ ነው። ጋን የሚሞላው በእንስራ እየተቀዳ ነው። ስለዚህ የአማርኛው አንባቢ «ይህን ያህል እንስራ የሚይዝ ጋን» ሲባል ልኩን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ያያል፤ የእናቶቻችን ወገብና የምንጩ መንገድ በቃሉ ውስጥ አሉ። ይህን «ፈርኪን» አይሰጥም፤ «ጋሎን»ም አይሰጥም።

ይሁን እንጂ ልናውቀው የሚገባ ጉድለት አለ። እንስራ እንደ ሸክላ ሠሪዋ እጅና እንደ አካባቢው ይለያያል እንጂ የታወቀ አንድ ልክ የለውም። ደግሞም አንዲት ሴት በጀርባዋ አዝላ የምትወስደው እንስራ ብዙውን ጊዜ ከ39 ሊትር ያነሰ ነው። በቤታችን እንስራ የምንለካ ከሆነ የቃናን ጋኖች አሳንሰን እንገምታለን። ተመሳሳይ ነገር በሉቃስ ወንጌል ስለ መጋቢው በተነገረው ምሳሌ ላይ ይገኛል (ሉቃ 16፥6)፤ በዚያ የዘይቱ ዕዳ መቶ «ማድጋ» ተብሎ ተተርጉሟል። ግሪክኛው የሚጠራው የዕብራውያን መስፈሪያ በአብዛኛው ወደ 22 ሊትር እንደሚይዝ ይገመታል፤ ዕዳው እንግዲህ ወደ 2,200 ሊትር ዘይት ነበር። አንድ ድሃ ለጓዳው የተበደረው ሳይሆን የትልቅ ንግድ ዕዳ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በከተሞቻችን የሚያድጉ ብዙ ልጆች ውኃን የሚያውቁት በቧንቧ፣ በጀሪካን፣ በበርሜልና በሮቶ ነው፤ እንስራን በሙዚየም ወይም በባህላዊ ምግብ ቤት ጥግ ለጌጥ ተቀምጦ ያዩታል። በገጠርም የፕላስቲክ ጀሪካን ቀላልና የማይሰበር በመሆኑ የእንስራን ቦታ እየወሰደ ነው። ይህ ለውኃ ቀጂዎች እፎይታ ነውና አናዝንበትም። ነገር ግን በ«ፈርኪን» ላይ የደረሰው በ«እንስራ» ላይም እየደረሰ መሆኑን ማስተዋል አለብን። ቃሉን ከንባቡ እናውጣው አንልም፤ መምህሩ ግን ቃሉ ለሚማሩት ልጆች ጨልሞ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

6. ልኩ የሚያስተምረን

ሀ. የአገልጋዮቹ ድካም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ጋኖቹ ባዶ ከነበሩ እነርሱን ለመሙላት ከ23 እስከ 35 ጀሪካን ውኃ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ቧንቧ አልነበረም። ጌታችን ጋኖቹን ሙሉ ሲል ያዘዘው ቀላል ሥራ አልነበረም፤ አገልጋዮቹም ለምን ብለው ሳይጠይቁ እስከ አፋቸው ሞሉአቸው። ወንጌላዊው ቀጥሎ የሚነግረን ነገር ልብ የሚነካ ነው፤ የግብዣው አለቃ ወይኑ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር (ዮሐ 2፥9)። ምልክቱን አስቀድመው ያወቁት የተሸከሙት ናቸው። በየቁምስናችን ወንበር የሚደረድሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚጠርጉ፣ ለበዓል ውኃ የሚቀዱ ሁሉ ይህን ሲሰሙ ሊጽናኑ ይገባል።

ለ. የጸጋው ብዛት። ከ470 እስከ 700 ሊትር ወይን ማለት በእኛ በርሜል ከሁለት በላይ እስከ ሦስት ተኩል ነው፤ በዛሬ ጠርሙስ ከ600 በላይ እስከ 900 በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሲጠጣ ለነበረ የመንደር ሰርግ የተሰጠ ነው። ጌታችን ጉድለቱን ብቻ ሞልቶ አላቆመም፤ ከሚያስፈልገው በላይ አትረፈረፈው። ነቢዩ አሞጽ ተራሮች ወይን ጠጅ የሚያንጠባጥቡበትን ዘመን (አሞ 9፥13)፣ ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር ለሕዝቦች ሁሉ የሚያዘጋጀውን ግብዣ (ኢሳ 25፥6) ተናግረው ነበር። የቃና ጋኖች ልክ ያ ዘመን መድረሱን ያበሥራል። ልኩን ያላወቀ አንባቢ «ወይን አለቀ፤ ወይን ተገኘ» ብሎ ያልፋል፤ ልኩን ያወቀ ግን በኢየሱስ ክርስቶስ የተሰጠንን ሙላት ያያል (ዮሐ 1፥16)።

ሐ. የድንጋዩ ምሥጢር። ጋኖቹ የተቀመጡት ለአይሁድ የመንጻት ሥርዓት ነበር። የሸክላ ዕቃ ቢረክስ እንዲሰበር ሕጉ ያዛል (ዘሌ 11፥33)፤ የድንጋይ ዕቃ ግን እንደማይረክስ የአይሁድ መምህራን ያስተምሩ ነበር። የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪዎች በኢየሩሳሌም እንዲህ ያሉ ታላላቅ የድንጋይ ማሰሮዎችን አግኝተዋል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በናዝሬት አጠገብ በምትገኘው በረይና የድንጋይ ዕቃዎች ይሠሩበት የነበረ የሮማውያን ዘመን ስፍራ ተገኝቷል። ወንጌላዊው የገለጠው እንግዲህ በዘመኑ በገሊላ የነበረውን ሕይወት ነው። ጌታችንም የመንጻትን ውኃ አልደፋም፤ ጋኖቹንም አልሰበረም፤ አስሞልቶ ለወጠው እንጂ።

መ. የአበው ትርጓሜ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ዮሐንስ ወንጌል ባስተማረበት መጽሐፍ ስድስቱን ጋኖች ከአዳም ጀምሮ እስከ ዓለም ፍጻሜ ባሉት ስድስት ዘመናት መስሎ ተርጉሟቸዋል። «ሁለት ወይም ሦስት» የሚለውንም ልክ በቅድስት ሥላሴ ይተረጉመዋል፤ አብና ወልድ ብቻ በተጠሩበት ስፍራ እንኳ መንፈስ ቅዱስ አብሮ ይታወቃልና። ሊትሩን ማስላት ይህን መንፈሳዊ ትርጓሜ አያስቀርም፤ አንዱ የፊደሉን ትርጉም፣ ሌላው ምሥጢሩን ያገለግላል።

ሠ. ልክ የሌለው ስጦታ። ያው ወንጌል በምዕራፍ 2 የወይኑን መጠን በመስፈሪያ ከነገረን በኋላ፣ በምዕራፍ 3 እግዚአብሔር መንፈስን ሰፍሮ እንደማይሰጥ ያስተምረናል (ዮሐ 3፥34)። ወይኑ ብዙ ነው፤ ሆኖም ይቈጠራል፤ በመጨረሻም ያልቃል። ወይኑ የሚያመለክተው ስጦታ ግን በሜትሬቴስም፣ በፈርኪንም፣ በእንስራም አይሰፈርም። የመስፈሪያው ጥናት ወደዚህ ካላደረሰን ስሌት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚረዳ አሠራር

በመጀመሪያ ቁጥር 6ን እንዳለ አንብቡ፤ «እንስራ» የሚለውን ቃል አትለውጡ። ቀጥሎ ልጆቹ እንስራ አይተው እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ያላዩ ካሉ በአካባቢው ያሉ አንዲት እናት መጥተው እንዴት ይቀዱበት እንደ ነበር ቢያስረዱ መልካም ነው። ከዚያ ጀሪካኖችን ቆጥራችሁ የስድስቱን ጋኖች ልክ አሳዩ፤ አንድ የሞላ ጀሪካን ያንሡና ክብደቱን ይወቁ። በመጨረሻ ወደ ዮሐ 3፥34 አምጡአቸው። ቁጥሩን ስትናገሩ «ያህል» ማለትን አትርሱ፤ ወንጌላዊው ራሱ «ሁለት ወይም ሦስት» ብሏልና።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ከሚነበቡት የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ለልጆቻችን እንግዳ የሆኑት የትኞቹ ናቸው? ማንስ ያብራራላቸዋል?

2. የቃና አገልጋዮች ያወቁትን የግብዣው አለቃ ያላወቀው ለምንድን ነው? እኛ ከየትኞቹ ወገን ነን?

3. በምንሸጠውና በምንገዛው፣ በምንሰጠውና በምንቀበለው ሁሉ መስፈሪያችን አንድ ነውን?

4. እግዚአብሔር ሳይሰፍር ከሰጠን፣ እኛ ለባልንጀራችን በምን ልክ እንሰጣለን? (ሉቃ 6፥38)

በቃና የሰርግ ቤት ጉድለቱን አስቀድማ ያየች እመቤታችን ድንግል ማርያም የእኛንም ጉድለት ለልጇ ትንገርልን። እርሱ የሚለንን ሁሉ እንድናደርግ፣ ጋኖቻችንንም እስከ አፋቸው እንድንሞላ ጸጋውን ይስጠን። አሜን።